ለውሻ የሚጣለው ጣፊያ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ አባት ሆነው ላሳደጉኝ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሣብዎ ወገብዎ ተሻለዎ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እትዬስ፣ ትንሿ ልጅዎስ ደህና ናቸው? የሥጋ ቤቱ በር ተጠገነ ወይስ ዛሬም በትከሻዎ እየገፉ ነው የሚከፍቱት? እኔ ከሆስፒታል ወጥቼ ማደሪያዬ ከገባሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። እህል መቅመስ ጀምሬያለሁ። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ላቁም፤ ከዚህ በላይ ካለሳለስኩት ቁጣዬ ይበርድብኛል፣ እንዲበርድ ደግሞ አልፈልግም።

እትዬ በስልክ እንደነገረችኝ ለጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ ነው የመታት» እያሉ ያወራሉ አሉ። ምን ዓይነት ብርድ ነው ጋሼ፣ ሰውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞት አፋፍ የሚያደርስ? ይባስ ብለው «የቤት አየር ያድናታል፣ ትምጣ» ብለው ልከውብኛል። አንቱ እያልኩ መቆጣት አልሆንልኝ ብሎ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ከአምስት ወር በፊት እዚህ የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ፣ ላውንደሪው ውስጥ እርጥቡ ወለል አዳልጦኝ በግራ ጎኔ የአንሶላ ጋሪው ብረት ላይ መውደቄን ያውቃሉ። ጣፊያዬ ተቀዶ ሆዴ ውስጥ ደም ይፈስ ስለነበር ሐኪሞቹ አወጡት። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሟ የክትባት ቀጠሮ የተጻፈበት ካርድ ሰጠችኝ፤ ትኩሳት ከተሰማኝ ደግሞ በዚያው ሰዓት እንድመጣ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። እኔ መቼም እርስዎን ሳላማክር ውሃ አልጠጣም፤ ደወልኩ።

ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ሠላሳ ዓመት ከብት ስበልት የኖርኩ ሰው ነኝ። ጣፊያ ማለት እኮ ለውሻ የምወረውረው ነው። እንኳን ወጣልሽ፣ ቀለል ትያለሽ! ይልቅ መርፌ በመርፌ አድርገውሽ ደምሽን እንዳያበላሹብሽ» አሉኝ። ሳቁም። እኔም ጅሏ አብሬ ሳቅሁና ካርዱን ሻንጣዬ ሥር ቀበርኩት። የሐኪም ቃል ከሥጋ ቆራጭ ቃል አነሰብኝ። በዚህ ራሴንም አልምራትም።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመተኮሻው ማሽን ፊት ቆሜ በረደኝ። ያ ቦታ ሰው በእንፋሎት የሚቀቀልበት ነው፤ እኔ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አለቃችን አየኝና «ጉንፋን ነው፣ ትኩስ ነገር ጠጪበት» ብሎኝ አለፈ። እኔም የእርስዎን ምክር ይዤ መተኮሴን ቀጠልኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን እጄ አንሶላውን መያዝ አቃተው፣ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ጉልቤ የምንላት አንሶላ አጣፊ ትከሻዋ ላይ ጭናኝ ወጣች። አለቃው «ሰዓቷ መች አለቀና!» ቢላት፣ «ሬሳዋን ልታስፈርም ነው?» አለችው አሉ። ከዚያ ወዲያ አራት ቀን የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ ሐኪሟ አጠገቤ ተቀምጣ ካርዱ የት እንደገባ ጠየቀችኝ። እርስዎ ያሉትን ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። በሽታ የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች፣ አለችኝ፣ ጀርምን የሚያውቁበት ኬላ አላቸው። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያሉት ትናንሽ ዕጢዎች ኬላ ናቸው፤ ቶንሲልም እንደዚያው። በቁስል ወይም በጉሮሮ የገባው ጀርም እዚያ ይደርስና ማንነቱ ይለያል፤ እሱን የሚያውቀው ሴል ይነቃል፣ ይራባል፣ ማርከሻውን ያመርታል። ልጅ ሆኜ እግሬን ሚስማር ሲወጋኝ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጥቶ፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ» እያሉ እያስለቀሱ አላሹኝም? ያ እብጠት ለእኔ እየሠራ ነበር ጋሼ። ደም ውስጥ ለገባ ጀርም ደግሞ ኬላው ጣፊያ ነው። እሱ ሲወጣ አንዳንዱ ክፉ ጀርም ሳይያዝ ሰውነትን በሰዓታት ውስጥ ያጥለቀልቃል። ክትባቱ የቀሩት ኬላዎች ጀርሙን አስቀድመው እንዲያውቁት ነበር። እኔ ግን ካርዱን ሻንጣ ሥር ቀበርኩት።

እርስዎ የሚያውቁት ከታረደ በኋላ ያለውን ጣፊያ ነው። የታረደ በሬ ትኩሳት ይይዘዋል እንዴ? ያላወቁትን አላውቅም ቢሉ ምን ይጎድልብዎ ነበር? ጠይቂያቸው ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ክትባቱን አሁን ጀምሬያለሁ። ለክፉ ቀን የተሰጠኝ ክኒንም ከኪሴ አይለይም። እማዬ በጣም ናፍቃኛለች፣ መምጣት እፈልጋለሁ። ነገር ግን ከቤታችን እስከ ሆስፒታል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ስንቀጠቀጥ «ብርድ ልብስ ደርቡላት፣ ላብ ይውጣት» የሚል ሰው ቤት አልገባም። ትኩሳት ቢይዘኝ ክኒኑን አስውጠውኝ፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ በዚያው ሰዓት መኪና ላይ እንደሚጭኑኝ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። በስልክ አልቀበልም፤ በስልክ ይስቃሉ።

እትዬን እውነቱን ስለነገረችኝ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ክትባቷን እንዳያስቀሩባት ደግሞ አደራ። ለእማዬ ደብዳቤዬን የሚያነቡላት እርስዎ እንደሆኑ፣ ያልጣመዎትንም እየዘለሉ እንደሚያልፉት ሰምቻለሁ። ዛሬ አንዲት ቃል አይዝለሉ። እትዬ አጠገብዎ ቁጭ ብላ ትከታተል። የሚከተለው የእማዬ ነው፤ ጮክ ብለው ያንብቡት።

እማዬ፣ ይህን የሚያነብልሽ ልጅሽ ሳያውቅ ሊገድለኝ ነበር። አትቆጪው፣ እኔ ተቆጥቼዋለሁ። ግን ቤትሽ መጥቼ ትኩሳት የያዘኝ እንደሆነ፣ «ተነሥ፣ እህትህን ይዘህ ሩጥ» በዪው። ከሐኪሟም ከእኔም ይልቅ አንቺን ይፈራል።

ታናሽ እህትዎ
ከላውንደሪው ሠራተኞች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
መጋቢት 14 ቀን