መጋቢ ያልተባሉት የ«ዘመዴ» የሕይወት ታሪክ

በእጃችሁ በያዛችሁት የቀብር ወረቀት ሽፋን ላይ፣ ከፎቶግራፉ ሥር፣ «መጋቢ» የሚል ቃል ታትሟል። ስህተት ነው። የሟቹ እናት ያየችው ትናንት ጠዋት፣ አራት መቶው ሽፋን ታትሞ፣ ታጥፎ፣ በካርቶን ሆኖ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። በእስክሪብቶ መሰረዝ ጀምራ ነበር፤ ሠላሳ ያህል እንደሰረዘች የቀረውን ካርቶን አይታ ተወችው። የውስጡ ገጽ ግን ገና ስላልታተመ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማረችውን ይዛ ራሷ ልትጽፈው ተቀመጠች። ስለዚህ ይህን የምትሰሙ ሁሉ እወቁት፤ ሟቹ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን መጋቢ ተብለው አያውቁም።

የተወለዱት ከአናጺ አባታቸውና ከእናታቸው፣ ከአንድ የእንጨት መጋዘን ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሲወለዱ እጅግ ትንሽ ስለነበሩ እናታቸው አይተርፍም ብላ ስም ሳታወጣላቸው ሳምንታት ቆየች። ተረፉ። ከእሳቸው በኋላ ሌላ ልጅ አልተወለደም።

አባታቸው መጋዝ ከማንሳታቸው በፊት ሁልጊዜ «ጌታ ሆይ፣ እጄን አቅናልኝ» ይሉ ነበር። ልጅየው ከቤቱ ጸሎት ሁሉ የያዙት ይህንኑ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ታመሙ። ልጅየው ስድስት ሳምንት ሙሉ በአልጋው ሥር ተንበርክከው ለመኑ፤ አባታቸው ግን ሞቱ። ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር «እኔ አልሄድም፤ ለምኜው አልሰማኝም» እያሉ በር ይዘጉ ነበር። እናታቸው ብታባብል፣ ብትቆጣ፣ ብታለቅስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልረገጡም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የማቀዝቀዣ ጥገና ተማሩ፤ በሃያ ዓመታቸውም ሥራ ጀመሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው በአንድ ሆስፒታል የሴቶች ክፍል የመድኃኒት ፍሪጅ ሊጠግኑ ሄዱ። ፍሪጁን ከግድግዳው ስበው ከጀርባው ተንበርክከው ሲሠሩ፣ ከአጠገባቸው ካለው አልጋ አንዲት አሮጊት ጠሯቸው።

«ልጄ፣ ተንበርክከህ ሳለህ ለእኔም ጸልይልኝ።»

«እማማ፣ እኔ ፍሪጅ ሠሪ ነኝ። ጸሎት አላውቅም።»

«ፍሪጅ የሚሠራ ሰው እጅ የለውም? እጅህን ስጠኝ፤ ስበክልኝ አላልኩህም።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ሰጧት። የሚሉት ቢጠፋቸው የአባታቸውን ቃል አሉ፤ «ጌታ ሆይ፣ እጄን አቅናልኝ።» አሮጊቷ ከት ብላ ሳቀች። «የታመምኩት እኔ፣ አንተ ስላንተ ትለምናለህ?» አለቻቸው። እጃቸውን ግን እስክትተኛ አልለቀቀችም። ያን ቀን ማታ ቤት ገብተው ራት ሳይበሉ ተቀመጡና «እማ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያኮረፍኩት ጌታ ዛሬ ከፍሪጅ ጀርባ አገኘኝ» አሉ። እናታቸው ግን የፍሪጅ ጋዝ ሸቶት አእምሮው ተነካ ብላ መስኮት ከፈተች።

በማግስቱ ወደ አሮጊቷ ተመለሱ፤ እሑድም ወደ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያም ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሥራቸውን በጊዜ ጨርሰው፣ በመጠየቂያው ሰዓት፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ ጠያቂ የሌለው በሽተኛ አጠገብ ሳይቀመጡ የዋሉበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ሆስፒታሉ የሚያስገባው ዘመድ ብቻ ስለነበር ጥበቃው በር ላይ ያቆማቸዋል።

«ዛሬ ደግሞ የማን ዘመድ ነህ?»

«ዘመድ የሌለው ማን አለ?»

«አልጋ ሰባት።»

«በቃ፣ የእሱ ነኝ።»

ነርሶቹ «ዘመዴ» ያሏቸው ከዚህ የተነሣ ነው። እናንተም በዚህ ስም ብታስታውሷቸው ከሽፋኑ ቃል ይልቅ እውነት ነው።

በሠላሳ ዓመታቸው በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ የነበረችውን ባለቤታቸውን አገቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ኑሯቸውም ከእናታቸው ጋር ነበር። እናታቸው ጠዋት ሲወጡ የለበሱትን አይታ በቃሏ ትይዝ ነበር፤ አንድ ነገር ቢደርስባቸውና ፖሊስ ምን ለብሶ ነበር ቢላት እንድትመልስ። እሳቸውም ያውቁባት ስለነበር ከበሩ ዞር ብለው «ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ እማ፣ ያዝሽ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። ማታም እሳቸው ሳይገቡ በሩ አይቆለፍም። ተኝታም ቢሆን ጆሮዋ በሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሽፋኑ ቃል እንመለስ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ሙሉ አገልጋይ፣ ማለትም መጋቢ፣ ለመሆን ለቤተ ክርስቲያናቸው የሽማግሌዎች ጉባኤ አመለከቱ። ጉባኤው ጥሪን የሚመረምረው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፤ ልክ በመጠየቂያው ሰዓት። የመጀመሪያው ሐሙስ ከቀዶ ሕክምና የወጣች ሴት እጃቸውን ይዛ ስላልለቀቀች አልደረሱም። ከሁለት ዓመት በኋላም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱም ጊዜ ደብዳቤ መጣ። «አመልካቹ ለጥሪያቸው ተገቢውን ትኩረት እንደማይሰጡ ጉባኤው ተገንዝቧል» ይላል። ደብዳቤዎቹ እናታቸው ዘንድ አሉ፤ ማየት የሚፈልግ ከቀብር በኋላ ይምጣ። ለጥሪያቸው ትኩረት አይሰጡም! ታዲያ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ? ከሽማግሌዎቹ የአንዱ እናት ስትታመም፣ የሌላው ወንድም ሲወድቅ፣ «እሱ ይሂድ» እየተባለ የሚደወለው ለማን ነበር?

እናታቸው ሰዓቱ እንዲቀየር ለመለመን ወደ ጉባኤው ጸሐፊ ሄዳ ነበር። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እናቴ፣ ሥርዓት ነው። ለአንድ ሰው ብለን ሰዓት አንቀይርም» አላት። «በሽተኛውም አይቀይርም» ብላው ወጣች። ያን ቀን ጠረጴዛውን አለመገልበጧ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ከዚህ የሚበልጥ ግን የሚቆጫት አለ፤ ይህም ሳይጻፍ አይቀርም። በሠላሳ አራት ዓመታቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ ራሷ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አንድ ሐሙስ ብቻ! እናትህ ስትሞት ቀባሪዋ መጋቢ ልጇ ነው ይባልልኝ» አለቻቸው።

«እማ፣ አልጋ አሥራ አንድ ያለው ሰውዬ ማንም የለውም።»

«ነገ ታየዋለህ። የትም አይሄድም።»

የአባታቸውን ኮት ለብሰው ሄዱ። ከጉባኤው ክፍል ደጅ፣ ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጡ። በመጨረሻ ጸሐፊው ብቅ ብሎ «ወንድሜ፣ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም። ሌላ ቀን እንጠራሃለን» አላቸው። ወደ ሆስፒታሉ ሮጡ። የአልጋ አሥራ አንድ ፍራሽ ተጠቅልሎ ነበር። ጥበቃው «ዘመዴ አልመጣም? እያለ ሲጠይቅ አረፈ» ብሎ ነገራቸው። ቤት ገብተው ኮቱን አጥፈው ሣጥን ውስጥ መለሱት። «ከእንግዲህ አላመለክትም፣ እማ» አሉ። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

ሌላ ቀን የተባለው ለዘጠኝ ዓመት አልመጣም። እሳቸውም አልጠበቁትም፤ በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነበሩ።

ከሁለት ወር በፊት ሳል ጀመራቸው። ሕይወቷን ሙሉ የከፋውን ስትጠብቅ የኖረች እናት ይህን አንዱን ብቻ «ጉንፋን ነው» አለች። ሳንባቸው ሲመረመር ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ሆስፒታል፣ አልጋ ሰባት ተኝተው ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፣ በአርባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ከሌሎቹ አልጋዎች መራመድ የሚችሉት የግሉኮስ መስቀያቸውን እየገፉ ዙሪያቸውን ቆመው ነበር። ከደጅም ብዙ ሰው መጣ፤ ጥበቃው ያን ቀን የማን ዘመድ ነህ ብሎ ማንንም አልጠየቀም። ጉባኤው በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበር። በማግስቱ ዓርብ ደግሞ ተሰብስቦ «መጋቢ ተብለው ይቀበሩ» ሲል ወሰነ። ለዚህ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸውና ከእናታቸው ሌላ፣ ከአልጋ አንድ እስከ አልጋ ሠላሳ ያሉትን ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ከቀብር ስትመለሱ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ወደዚያ ይሂድ። ሽማግሌዎቹም መንገዱን ያውቁታል፤ እሳቸውን ሲልኩበት ኖረዋል።

እጃቸውን ያቀናላቸው ጌታ ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል። እሱስ በር ላይ አቁሞ የማን ነህ አይላቸውም።

ጉባኤው አስከሬናቸው በአዳራሹ እንዲያድር ጠይቆ ነበር። እናታቸው «በቁሙ ኮሪደር ላይ ያስቀመጣችሁትን ሬሳውን ታስገቡታላችሁ? ቤቱ ይደር» አለች። ትናንት ማታ አራት ሰዎች ተሸክመው አስገቧቸውና የአባታቸው ኮት ከላይ ተደረገ። ባለቤታቸው ልጃቸውን አስተኛች፤ ጎረቤት ተሰናብቶ ወጣ። እናታቸው ይህን ወረቀት እዚህ ድረስ ጽፋ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። የሚጠበቅ ሰው አልነበረም። ልጇ ገብቷል። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።