«ያልገባው አለ?» ተብለን ዝም ስላልንበት ስብሰባ

ለተከበሩ የገቢ ግብር ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና ማኅተሙን የሚይዘው እጅዎ ሁሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር ግብር ከፋይ ስሆን፣ ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው ሳምንት ያወጡትን መግለጫ አንብቤ ደስታዬን መቆጣጠር ስላቃተኝ ነው። ግብር ከፋዩ ከገቢው ላይ ስለሚቀነሱለት ወጪዎች በቂ ግንዛቤ እንዳለው ገልጸዋል፤ ማስረጃዎም በአዳራሹ ስብሰባ «ያልገባው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድም ሰው እጁን አለማውጣቱ ነው። እጃቸውን ካላወጡት አንዱ እኔ ነበርኩና፣ የገባኝን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. በር ላይ የእያንዳንዳችን የግብር ከፋይነት ቁጥር ተመዘገበ፤ የምንቀመጥበትም ወንበር ከጎኑ ተጻፈ። ከመድረኩ ሥር ደግሞ የሒሳብ መርማሪዎችዎ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ ለክብራችን እንደተደረገ አልጠራጠርም፤ ብቻ አጠገቤ የነበረው ጫማ ሠሪ ራሱን እየበላው እንኳ እጁን ከጉልበቱ ላይ ሳያነሣ ነው የወጣው።

2ኛ. የሚቀነሱትን ወጪዎች የሚዘረዝር ማስታወቂያ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። የተለጠፈው በቢሮዎ የግብር መክፈያ ክፍል በር የውስጥ ገጽ ላይ ሲሆን፣ በሩ በሥራ ሰዓት ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይውላል። እኔ ያነበብኩት ነፋስ ገፍቶ ቢዘጋልኝ ነው። የሱቅ ኪራይ፣ የመብራት፣ የማሽን ጥገና፣ የማሽኑ እርጅና ሳይቀር እንደሚቀነስልኝ ያወቅሁት ይኸው ያን ቀን ነው። በማግሥቱ ብመለስ በሩ ሥር ድንጋይ ተቀምጧል። በአጋጣሚ ነው ካሉኝ ለማመን እሞክራለሁ።

3ኛ. ይቀነስልኝ ብዬ ሳመለክት ሠራተኛዎ ደረሰኞቼን አላዩም፤ «ማን ነገረህ?» ነው ያሉኝ። ነፋሱ ነው ብላቸው የባሰ ይጠረጥሩኛል ብዬ ደረሰኞቼን ሰበሰብኩ። ከዚያ ፋይሌን ከመደርደሪያው አውርደው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ለብቻው አስቀመጡት። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እንግዲህ ጉዳዬ ይህ ነው። ወጪዬ ሳይታሰብ የተጣለብኝን ግብር ለመክፈል ባለቤቴ የምትሠራበትን የስፌት ማሽን ልንሸጥ ገዢ ቀጥረናል። ሒሳቡ በደንቡ መሠረት ቢሠራ መሸጥ አያስፈልገንም ነበር። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ጥርጣሬዬ ብሶብኛል። አለማወቃችን ከእኛ ስንፍና ነው ወይስ እንድናውቅ ስላልተፈለገ? ገዢው ሳይመጣ ቢመልሱልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

በዝምታው መግለጫዎን ያሳመረልዎ፣ የሚቀመጥበት ወንበር በመዝገብዎ የሚታወቅ፣ በከፈለ ቁጥር ይበልጥ የሚጠረጠር ታማኝ ግብር ከፋይዎ፣
ልብስ ሰፊው

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ለባለቤቴ ባነብላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ተወው በቃ፣ እነሱ ዓይን ውስጥ ከምንገባ ማሽኑን ሸጠን እንገላገል» አለችኝ። የላክሁት እሷ ሳትስማማ ነው። ስለዚህ መልስ ካለዎት አደራ፣ ወደ ሱቃችን ሰው አይላኩ፤ ከቢሮዎ የመጣ መሆኑን ካወቀች፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ እንኳ ሳትጠይቅ ማሽኑን ነቅላ ታስረክበዋለች።