ማስተዋል ቡድኑን የተረከበችበት ሳምንት

ማክሰኞ

ጋሽ ደመላሽ ማሲንቋቸውን አንጠልጥለው ወጡ። በሩን እንኳ አልዘጉትም። ልምምዱ ቆመ። ልጆቹ ሁሉ ዞር ብለው እኔን አዩ፤ እኔ ደግሞ ማስተዋልን አየሁ።

ነገሩ የመጣው ከዘፈናቸው ነው። ማስተዋል «ጋሼ፣ ቲያትሩ ረዘመብን፤ የመጨረሻዎቹን ስንኞች ብንተዋቸውስ?» አለቻቸው። በትሕትና ነው ያለችው። «እኔ ይኼን ዘፈን ስጫወት አንቺ አልተወለድሽም» ብለው ብድግ አሉ።

የደባርቅን የኪነት ቡድን ለዓመታት የመራሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ለወጣት እናስረክብ ያልኩትም፣ እሷን የመረጥኩትም እኔው። የበየዳ ልጅ ናት። እዚህ ለትምህርት መጥታ በዚያው ቀረች። መጀመሪያ ቡድኑ ውስጥ የገባችው መጋረጃ ልትሰፋልን ነበር፤ ቆይታ ተዋናይ ሆነች፤ አሁን ደግሞ ደራሲ። ቅዳሜ ዳባት የምናሳየው ቲያትር የሷ ነው። ሊማሊሞ ላይ አውቶቡስ ይበላሽና ተሳፋሪዎቹ ጉም ውስጥ ያድራሉ፤ በብርድ ልብስ ይጣላሉ፣ በዳቦ ይታረቃሉ። መጀመሪያ ስታነብልን ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከገባ ማሲንቆም ጭፈራም እስከ ፋሲካ የለም። ቅዳሜ ካመለጠን አለቀ፤ ልጆቹ ይበተናሉ፣ እሷም ጀምራ ያልጨረሰች መሪ ትባላለች።

ያለ ማሲንቆ ምን ይሆናል? ሄጄ ልለምናቸው ይሆን?

ረቡዕ

ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ማስተዋል በራፌ ላይ አገኘችኝ። ወዴት እንደምሄድ ገብቷታል። «እትዬ ሰናይት፣ እባክዎ ይተዉት። እርስዎ ከሄዱ ለእርስዎ ብለው ይመለሳሉ። ከዚያስ? እኔ ሁልጊዜ በእርስዎ ልታረቅ ነው?»

ተናደድኩ። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። እሷ ራሷ ወደ ጋሽ ደመላሽ ቤት ሄደች፤ እኔ ነጠላዬን መልሼ አውልቄ ቀኑን ሙሉ ቤት ሳምስ ዋልኩ። ምስር ለቀምኩ። ሳጥን ገለበጥኩ። ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነበር።

ወደ ማታ ብቻዋን ተመለሰች፤ ጋሽ ደመላሽ አብረዋት የሉም። ፊቷ ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አይደለም። ይቅርታ ብላ እግራቸው ላይ የወደቀች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ጋሼ፣ የቆረጥኳቸውን ስንኞች አንዴ ይንገሩኝ፤ በደንብ አልሰማኋቸውም ነበር» አለቻቸው። እስኪነግሯት አልነሣም ብላ ተቀመጠች። በመጨረሻ ነገሯት። ስንኞቹ የታናሽ ወንድማቸው ናቸው። የጭነት መኪና ረዳት ነበረ፤ ሊማሊሞ ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ። ስሙን በዘፈኑ አይጠሩትም፣ «የመንገዱ ልጅ» ነው የሚሉት። ይኼን እኔም አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ምን እላለሁ? ስወጣ ልምምዱ ነገም በዚያው ሰዓት ነው አልኳቸው።»

ሐሙስ

አልመጡም።

ማስተዋል ልጆቹን ሰብስባ፣ «ተሳስቻለሁ» ብላ ጀመረች። እንዲህ በቀላሉ። «ስንኞቹ ይመለሳሉ። መጨረሻችንም ይቀየራል።»

ሹፌሩን የሚጫወተው ዮናስ ብው አለ። «ነገ ከነገ ወዲያ ልናሳየው መጨረሻው ይቀየራል? ሰዉ እኮ ሊስቅ ነው የሚመጣው!» ዮናስ ጎበዝ ልጅ ነው። መሪነቱንም ይመኘው እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ብሆን የተባልከውን ሥራ ብዬ አፉን አስይዘው ነበር። እሷ ግን «ልክ ነህ፤ ሳቁን አልነካውም» አለችው። «ግን አውቶቡሱ ተሠርቶ፣ ሁሉም ተሳፍሮ ሲያበቃ፣ ሹፌሩ ያን ገደል ሲያይ ምን ያደርጋል? ሹፌሩን የምታውቀው አንተ ነህ። አሳየን።»

ዮናስ መጀመሪያ ተኮሳተረ። ከዚያ ወደ መድረኩ ጠርዝ ሄደ። ቁልቁል አየ፤ አየና ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«ይኸው መጨረሻችን» አለች ማስተዋል። ዮናስ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አልተከራከረም። ጭራሽ ሌሎቹን «ዝም በሉ፣ እንድገመው» የሚለው እሱ ሆነ።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር በየትኛው ሥልጠና ነው ያስተማርኳት? አላስተማርኳትም። ከራሷ ነው ያመጣችው።

ዓርብ

መጡ!

ሰላምታ አልሰጡም። ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ማሲንቆው ከከረጢቱ አልወጣም። ማስተዋልም ምንም እንዳልተፈጠረ ልምምዱን ቀጠለች። ዮናስ ኮፍያውን ሲያወልቅ ጋሽ ደመላሽ ቀና አሉ። ቆየት ብሎ የከረጢቱ ዚፕ ተሰማ።

ዘፈኑን ሙሉውን ተጫወቱት። እኔ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ዕንባዬን ልጆቹ እንዲያዩት አልፈለግሁም።

ስመለስ ጋሽ ደመላሽ ለማስተዋል «አንዷን ስንኝ እኔው ራሴ እተዋታለሁ። ረዝማለች» ይሏታል። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እንደ ፈቀዱ ጋሼ።»

ወዲያው የነገውን የሥራ ድርሻ በቴሌግራም ላከችልን። መጋረጃና የአውቶቡሱ መሪ፦ ዮናስ። ብርድ ልብሶች፦ ሴቶቹ ልጆች። ጋሽ ደመላሽ፦ ጋቢና ይቀመጣሉ፣ ምንም እንዳይሸከሙ። እትዬ ሰናይት፦ ተመልካች።

ተመልካች! ከፋኝ። ቆይቶ ሳቄ መጣ። አሁንም ግን ትንሽ ከፍቶኛል።

ቅዳሜ

መንገዱ ሰላም ነበር፤ ተመስገን። ዳባት በጊዜ ደረስን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ የቅበላ ሰሞን ስለሆነ ሰዉ ለጨዋታ ተዘጋጅቷል። ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ሳቅ በሳቅ።

መሐል ላይ መብራት ጠፋ።

ማይኩ ሞተ። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ስለተሸፈኑ ድቅድቅ አለ። ከኋላ ፉጨት ተጀመረ፤ አንዳንዱ መውጣት ጀመረ። እኔ ሳላስበው ብድግ ብያለሁ። ምን ልል እንደነበር እንጃ። አጠገቤ ያሉት እናት «አይዞሽ፣ ተቀመጪ፣ ይመጣል» ብለው ቀሚሴን ሳብ አደረጉኝ። ተቀመጥኩ።

ማስተዋል የስልኳን መብራት ፊቷ ላይ አብርታ ወጣች። «ወገኖቼ፣ እንዳያችሁት አውቶቡሳችን ተበላሽቷል። ተሳፋሪ ሁሉ አግዳሚውን እየያዘ ወደ ግቢ ይውረድ! መጀመሪያ አባቶችና እናቶች ይለፉ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው አግዳሚ ሲሸከም፣ ሽማግሌ ሲደግፍ፣ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳይቀር ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲወጣ አየሁ። ጸሐይ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ቲያትሩ ከቆመበት ቀጠለ። እንዲያውም ከአዳራሹ አማረ። እየተሳቀ ሄዶ ሄዶ ዮናስ ኮፍያውን አወለቀ። የጋሽ ደመላሽ ድምፅ ማይክ አልፈለገም። የሊማሊሞን መንገድ የማያውቅ፣ መንገዱ ላይ ሰው ያልሞተበት በዚያ ግቢ ብዙ አልነበረም መሰለኝ። እኚያ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ጭብጨባው ሲጀመር ጋሽ ደመላሽ ማስተዋልን እጇን ይዘው ወደ መሐል አወጧት። «መሪያችን ይቺ ናት!» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ከጎኔ አንድ ሰው «ቡድኑ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የማስተዋል» አልኩት። አፌ ላይ አልከበደኝም።

እሑድ

ቅዳሴ፣ ከዚያ ቅበላ። ዶሮዋን በጊዜ አደረስኳት። ጉልበቴ አሞኛል፤ የትናንቱ መንገድ ነው።

ከሰዓት ማስተዋል መጣች። በልታ፣ ጠጥታ፣ ወሬውን ሁሉ አውርታ ስትጨርስ እግረ መንገዷን የምትናገር መስላ፣ «ዳባት ያሉ ልጆች ደውለው ነበር። እኛም ቡድን እናቋቁም፣ ማን ያሳየን አሉኝ» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ» አልኳት።

«እኔማ የደባርቁን ይዣለሁ። እርስዎ ይመጣሉ ብያቸዋለሁ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅዎ እምቢ ይሉኛል ብዬ ነዋ። በጾሙ ጨዋታ ባይኖርም ድርሰት ማንበብና መጻፍ ያለማምዷቸዋል። ሲፈታ ዝግጁ ይሆናሉ።»

ድፍረቷ! ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም። ላስብበት ብዬ ሸኘኋት።

እስካሁን እያሰብኩበት ነው። የማላውቃቸው ልጆች። እንደገና ከሀ መጀመር። ይሰሙኝ ይሆን? ጉልበቴስ ይችለዋል?

የዳባት ሚኒባስ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጎረቤቴን ጠየቅኋት። ለምን ፈለግሽው ስትለኝ እንዲሁ ነው አልኳት። ገና እሺ አላልኩም እኮ።