ሁለት ፈረስ ላይ የሆነው

ለምወድህ ወንድሜ ለሌናርድ፤

ይህ ወረቀት እጅህ እስኪገባ ድረስ አንተም ቤትህም በደኅና ቆዩኝ። እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የአሪዞና ሙቀት አጥንት ይጠግናል ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ከሆነ አንተ ለምን እንደምታነክስ አልገባኝም። ባለቤትህ ዶሎሬስስ እንዴት ናት? ዓይኗን ታክማ ጨረሰች ወይስ አሁንም ሐኪሙን ትሸሸዋለች? ሬይመንድና ልጆቹስ? እኔ በሰማንያ አንድ ዓመቴ ጆሮዬ ትንሽ ከመክበዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እጄ ይጽፋል፤ ጽሕፈቴ እንዳልተጣመመም እያየህ ነው።

ልጅህ ጄኔቪቭ እሑድ ዕለት ደውላ «ትንሽ ጉም ነበር፣ አመሸሁ እንጂ ምንም አልሆንኩም» እንዳለችህ ነግራኛለች። ይህ ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። መነኩሲቷ መምህራችን እህት ፔትሮኒላ ግማሽ መልስ ለጻፈ ልጅ ግማሽ ማርክ ትሰጥ እንዳልነበር ታስታውሳለህ፤ የምትሰጠው ዜሮ ነበር። ስለ ወንድማችን ስለ ኦርቪልም አንድ ቃል እንዳልተነፈሰች አውቃለሁ። «የእሱን ነገር ለእኔ ተይው» ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን ተቀምጠህ አንብብ።

ወንድማችን ዘንድሮም እንደ አባታችን ልማድ ሰዉ የጣለውን የገና ዛፍ ለቃቅሞ ከደሴታችን እስከ ሴንት ኢግናስ ከተማ ድረስ በሐይቁ በረዶ ላይ ተክሎት ነበር። የቆመ ዛፍ እለፍ ነው፤ የተጋደመ ዛፍ ተመለስ ነው። አንተ ይህን ከእናትህ ጡት ጋር ጠብተኸዋል። ልጅህ ግን እዚህ ማስተማር ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው፤ የቆመውን ብቻ ነግረናት የተጋደመውን ሳንነግራት ቀረን። የሚነገር ነገር መሆኑ አንዳችንንም ትዝ አላለንም።

ሐሙስ ዕለት የደቡብ ነፋስ ተነሣና ሁለት ፈረስ ላይ በረዶው ለሁለት ተከፈለ። አያታችን ድርቆሽ የጫኑትን ሁለት ፈረሶቻቸውን ያጡበትን ቦታ ያመነ ሰው መቼም ኖሮ አያውቅም። ኦርቪል ወዲያው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ ይመጣ የነበረውን መስመር ወደ ምዕራብ አጠፈው፤ በዱዳው ድንጋይ ዞሮ ቀበሮ ጫፍ ላይ እንዲወጣ አደረገው። የድሮዎቹን ዛፎች አጋደመ፤ በከተማው በኩል ያሉት ጥቂቶቹ ግን ሥራቸው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ አልነቀል ስላሉት እንደ ቆሙ ተዋቸው። ከዚያ ወደ ዴዊ ፓኬን ሱቅ ገብቶ «ሁለት ፈረስ ተከፍቷል፤ በዱዳው ድንጋይ ዙሩ» አለና ቡናውን ጠጥቶ ወጣ። በእኛ ደሴት ይህ አዋጅ ነው።

ጄኔቪቭ ዓርብ ዕለት አዋጁን ከዴዊ አፍ ሰምታለች። ሁለት ፈረስ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላወቀችም፤ አልጠየቀችምም። ለምን አልጠየቅሽም ብትላት፣ ስንጠየቅ ስለምንስቅ ነው። ከመጣች ጀምሮ ስለ እያንዳንዱ ድንጋይ ስም ስትጠይቅ ዴዊ «መምህሯ ዛሬም ክፍል ደገመች!» እያለ ሱቁን ያስቅባታል። ኦርቪልም አይምራትም፤ «አንቺ የበረሃ ልጅ፣ እኛ እኮ በቶሌዶ ከተማ ሂሳብ የተረፍን የሳንቲም መልስ ነን። የዋሽንግተን መንግሥት ከተማዋን ለኦሃዮ ሰጥቶ ለሚሺጋን እኛን ከነበረዷችን መለሰለት፤ መልስ ደግሞ አይቆጠርም፣ ካርታም አይገባም» ይላታል። እውነትም አልገባንም። ልጅቷ ማታ መንግሥት ያተመውን ካርታ ዘርግታ ፈልጋለች። በካርታው ላይ ሁለት ፈረስ የለም፤ በቦታው ላይ የተጻፈው ውሃችንን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የአንድ ጄኔራል ስም ነው። አያታችን የሚሺጋን ስም ራሱ በእሳቸው፣ በአገሬው ተወላጆች ቋንቋ «ታላቅ ውሃ» ማለት ብቻ እንደሆነ ሲነግሩን፣ ትምህርት ቤት ደግሞ መነኮሳቱ ሰማንያ ሦስቱን አውራጃዎች በቃል ሲያስወጡን፣ ሁለቱንም ተምረን ሁለቱንም አውቀን አደግን። ለልጅህ አንዱን እንኳ በትክክል አልሰጠናትም። እሷም ቦታው በስተ ምሥራቅ የሆነ ቦታ ይሆናል ብላ ካርታውን አጠፈች።

ቅዳሜ ጠዋት በበረዶ ላይ የሚነዳውን የኦርቪልን ሞተር ተውሳ ለተማሪዎቿ ወረቀት፣ ለእኔ መድኃኒት ልታመጣ ተሻገረች። ስትሄድ ፀሐይ ነበር፤ ከቀበሮ ጫፍ የተነሡ ሁለት ሰዎችን ከኋላ ተከትላ ስለ ነበር በአዲሱ መስመር አለፈች፤ ማዞሪያውንም ልብ አላለችው። ከሰዓት በኋላ ከሴንት ኢግናስ ነዳጅ ቀጂው ደውሎ ለዴዊ «መምህርታችሁ ተነሥታለች» አለው። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ወረደ። አንተ የምታውቀው ዓይነት ጉም ነው፤ ክንድህን ዘርግተህ ጓንትህን የማታይበት።

መድረስ በነበረባት ጊዜ አልደረሰችም። ኦርቪል ሞተሩ እሷ ዘንድ ስለሆነ ረጅሙን ዘንግና ፋኖሱን ይዞ በእግሩ ወጣ። ደጄ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ደውሊ። ሦስቱን ሳትመቺ ገመዱን እንዳትለቂ» አለኝና ጉሙ ዋጠው። ሕጉን አልረሳኸውም ብዬ አምናለሁ፤ ሰው በረዶ ላይ ጉም ሲይዘው የጸሎት ቤቱ ደወል ያለ ማቋረጥ ይመታል፣ የጠፋው ሲገባ ደግሞ ሦስት ጊዜ በዝግታ ተመትቶ ይዘጋል። ከአባታችን ዘመን በፊት ጀምሮ ደወሉ መሐል ላይ የቆመበት ቀን የለም።

እኔና የዴዊ ሚስት ሜቤል ገመዱን እየተቀባበልን ደወልን። ዴዊ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ትንሽ ቆይቶ «ሞተር ይሰማኛል! እየመጣች ነው!» ብሎ ጮኸ። ሜቤል እያለቀሰች ሳቀችና ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። እኔ ግን ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው አልኩት። «ከፊት ለፊት ነዋ፣ ቀጥ ብላ ወደ ደወሉ!» አለኝ።

ሌናርድ፣ በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። መስመሩን አዛውረናል፤ ደወሉን ግን አላዛወርንም። ከከተማው ቀጥ ብሎ ወደ ጸሎት ቤቱ የሚመጣ ሰው መንገዱ በሁለት ፈረስ ነው። እየጠራናት ያለነው በተከፈተው ውሃ ላይ ነበር።

ገመዱን ከሜቤል እጅ ነጠቅኩና ደወሉን አስቆምኩት።

«እትዬ ኤርሚና፣ አበዱ እንዴ! ልጅቷን ሊገድሏት ነው?» ብላ ሜቤል ገመዱን ልትቀማኝ ታገለች። ዴዊ እንኳ፣ ፊደል ያስቆጠርኩት ዴዊ፣ «ይልቀቁ ብያለሁ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ዴዊ፣ አፍህን ዘግተህ መኪናህን አስነሣ» አልኩት፤ «ቀበሮ ጫፍ ድረስ ንዳና ክላክሱን ሳታቋርጥ ንፋ። ልጅቷ መምጣት ያለባት በዚያ በኩል ነው፣ በዚህ በኩል ውሃ ነው።» ዴዊ «ሁለት ፈረስ…» አለና ሮጠ።

ሜቤል ግን እጄን አልለቀቀችም። «ኦርቪልስ?» አለችኝ። «እሱም እኮ እዚያው ጉም ውስጥ ነው። ደወሉ ከቆመ በምን ይመለሳል?» ይህን እሷ ሳትጠይቀኝ በፊት እኔ ራሴን ጠይቄ ነበር። አዲሱን መስመር ይዞ ከሆነ ያለው ዱዳው ድንጋይ ጋ ነው፣ ሩቅ ነው፤ ክላክሱ ለእሱ በነፋሱ በተቃራኒ ስለሆነ ላይሰማው ይችላል። «አውቃለሁ» ብቻ አልኳት። ገመዱን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ተቀመጥኩበት። ያን ዝምታ ልገልጽልህ አልችልም፤ የሞተሩም ድምፅ ወዲያው ጠፋ። ወደ ውሃው ገብታ ይሁን ቆማ ይሁን ማወቂያ አልነበረንም። ሜቤል መቁጠሪያዋን አውጥታ መጸለይ ጀመረች፤ እኔ እንኳን ልጸልይ፣ የእግዚአብሔርን ስም ማስታወስ አቃተኝ።

ጄኔቪቭ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከከተማው እንደወጣች ተጣብቀው የቆሙትን ዛፎች ተከተለች። የተጋደመ ዛፍ ስታገኝ ነፋስ የጣለው መሰላት፤ ወርዳ ደግፋ አቆመችው፣ ለሚመጣው ሰው ብላ። ጉሙ ሲይዛት ደወሉን ሰምታ በደስታ ወደ እሱ ነዳች። ደወሉ ድንገት ሲቆም ግራ ገብቷት ለማዳመጥ ሞተሩን አጠፋች። በዝምታው መካከል ከፊቷ፣ በጣም ከቅርቧ፣ ውሃ የበረዶውን ጠርዝ ሲልስ ሰማች። እዚያው እንደ ሐውልት ቆመች። ከዚያ ከቀኝ በኩል ክላክሱ መጣላት። ሞተሩን ትታ ዱካዋን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ከዚያም ክላክሱን እየተከተለች በእግሯ በቀበሮ ጫፍ ወጣች። ዴዊ አቅፎ ሊያነሣት ሲል ሁለቱም በረዶው ላይ ወደቁ።

እሷ መግባቷን እንደነገሩኝ ተነሥቼ እንደገና ደወልኩ፤ አሁን ለኦርቪል። ሜቤል ልታግዘኝ ስትመጣ አልሰጠኋትም። መዳፌ ተልጦ ደም ገመዱን እስኪያርሰው ደወልኩ። ጨለማው ሊወርድ ሲል ወንዶቹ ከሐይቁ ዳር ጮኹ። ወንድማችን በአራት እግሩ እየዳኸ፣ ጫማው የበረዶ ድንጋይ ሆኖ መጣ። ሦስቱን የመታችው ሜቤል ናት፤ እኔ ክንዴ አልነሣ አለኝ።

አሁን በሴንት ኢግናስ ሆስፒታል ተኝቷል። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ተቆርጧል። የቀረው ይተርፋል ብለዋል፤ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ጥንቁቅ ይመስላል።

ረቡዕ ዕለት ተሻግሬ ጠየቅኩት፤ በአዲሱ መስመር ነው የሄድኩት፣ ዛፎቹን ጄኔቪቭ ራሷ አጥብቃ ተክላቸዋለች። ሁሉም ከክፍሉ ሲወጡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «ኦርቪል፣ አንተ እዚያ እንዳለህ እያወቅኩ ነው ደወሉን ያስቆምኩት። አንድ ሰው እንደምናጣ አውቄ ማን እንደሚሆን መርጫለሁ። ይህን ከእኔ አፍ እንድትሰማው ነው የመጣሁት» አልኩት። እሱ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። ሁለት ፈረስ ጠርዝ ላይ፣ በእኛ በኩል ቆሞ ነበር። ደወሉ ሦስቱ ሳይመታ ሲቆም፣ ልጅቷን ወደ ውሃው እየጠራናት እንደ ነበር ወዲያው ገባው። ሞተሩ ከውሃው ማዶ ወደ እሱ ሲመጣ ሰምቷል። ብርሃን ካየች ትመጣለች ብሎ ፋኖሱን አጠፋው፤ ድምፅ ከሰማች ትመጣለች ብሎ አፉን ዘጋ። ፋኖሱን መልሶ የሚለኩስበት ክብሪት ደግሞ ርሶበት ነበር። እግሩ ከጠርዙ የገባው ያለ መብራት ሲመለስ ነው።

«እና እትዬ» አለኝ፣ «አንቺ ልጅቷን መረጥሽ፣ እኔም ልጅቷን መረጥኩ። ለእኔ አንድ እንኳ ድምፅ የሰጠ የለም ማለት ነው፤ ራሴም አልሰጠሁ!» እንዲህ ብሎ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ማቆም አቅቶኝ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፣ እሱም ጣቱ ያልተቆረጠውን እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ በእግሩ ጣት ክርኔን ጎነተለኝ፤ ልጆች ሳለን በጸሎት መካከል እንደሚያደርገው። ነርሷ ገብታ ሁለታችንንም ተቆጣችን።

አንተ ጻፍለት። እሱ ቀድሞ እንደማይጽፍ ታውቃለህ።

ዶሎሬስን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ዓይኗንም ታሳይ። ለሬይመንድና ለሚስቱ፣ ለትልቁ ልጅ፣ ጥርሷ ለወለቀው ለትንሿም ሰላምታዬ ይድረስ። ሜቤልና ዴዊ ሰላም ብለውሃል፤ ዴዊ ከዚያ ቀን ወዲህ በሱቁ ውስጥ በማንም ጥያቄ አይስቅም። ጄኔቪቭ ከጎኔ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነው፤ ይህን ደብዳቤ አንብባ አንድ ቃል አላስቀየረችኝም።

ታላቅ እህትህ ኤርሚና

ኦብሪ ደሴት፣ ሚሺጋን
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1979