ማተብ ያሰሩ ጠርሙሶች

ሰኞ

ጉድጓዱ አለቀ፤ ወገቤም አብሮ አለቀ። ባሌ ታደሰ ቆፈረ፣ እኔ ሞላሁ። የባቄላ ገለባ፣ የድንች ልጣጭ፣ አመድ፣ የበረት ጥራጊ። የሚበሰብሰው ወደ ጉድጓድ፣ ፕላስቲኩ ወደ ከረጢት። ቅዳሜ ከዘመሮ ከተማ ጋሪ መጥቶ ፕላስቲኩን ይወስዳል ብላናለች የጤና ኤክስቴንሽኗ። ከረጢቱን ከጎረቤት ሁሉ ቀድሜ እሞላለሁ። ታደሰ "ለቆሻሻም ትሽቀዳደሚያለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ማክሰኞ

ቆጡን አራገፍኩት። የዘይት ጄሪካን፣ የተቀደደ ላስቲክ ጫማ፣ ፌስታል በፌስታል ላይ። ከጥጉ አንድ ጠርሙስ ወጣ፤ ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ውሃው ነጣ ያለ። እምነት የተበጠበጠበት ጠበል መሰለኝ። ከቆሻሻ ጋር በመዋሉ ደንግጬ ተሳለምኩትና ከአማቴ ከእማማ ዘነበች ራስጌ፣ ከሌሎቹ ጠበሎች ጎን አኖርኩት። እማማ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይጠጣሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጠርሙሱን የሚያገኙት በዳበሳ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት እማማ ጮኹ። "ዓይኔን! ልጄ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ!" ጠርሙሱን አሸተትኩት። የበግ ቅማል መድኃኒት! ታደሰ ከቀየት ገበያ አስቀድቶ አምጥቶ ቆጥ ላይ ሸጉጦት ኖሯል። የእንስራውን ውሃ እንዳለ ዓይናቸው ላይ አፈሰስኩት። ከዚያ በጎረቤት ፈረስ ወደ ጤና ጣቢያ።

አልጠጡትም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ፊታቸውንና ዓይናቸውን ቀብተው ነው የሚጎነጩት። ያ ልማድ ባይኖር ዛሬ ደጃችን ድንኳን ይተከል ነበር።

ቀኝ ዓይናቸው በፋሻ ታሸገ። ግራው ድሮም ከጥላ በቀር አያይም። ቅዳሜ ይፈታል። ፈራሁ።

ሐሙስ

ታደሰ "የእናቴን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ይላል። እኔ ደግሞ "ራስጌያቸው ያኖርኩት እኔ ነኝ" እላለሁ። እማማ ሰምተው "ዝም በሉ እስቲ! ሞቼ ነው እንዴ የምትካፈሉኝ?" አሉን። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከረጢቱን ማየት አስጠልቶኛል።

አርብ

የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ጉድጓድም ከረጢትም አይገባም፣ ወንዝም አይጣልም፣ ለብቻው ነው አለች። ለእንስሳት ሐኪሙ ላስረክብ ብላ ይዛው ሄደች።

እሷ ስትወጣ እማማ "ጥቁር ክር አምጪልኝ" አሉኝ። ተቀምጠው የየጠበሉን ጠርሙስ አንገት በክር ያስሩ ጀመር። "ክርስቲያን በማተቡ ይታወቅ የለ? ጠበሌም ይታወቅ።" እኔ እያሸተትኩ አቀብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያስራሉ።

ቅዳሜ

ጤና ጣቢያ ሄደን ሐኪሙ ዓይናቸውን ፈታ። ቀልቷል። ጣቱን ዘርግቶ "እናቴ፣ ስንት ነው?" አላቸው። አጨንቁረው "ጣቱን እንጃ። ብርሃኑ ግን አለ" አሉ። ሐኪሙ እብጠቱ እስኪጎድል እንጠብቅ አለ።

ስንመለስ ጋሪው ደጃችን ቆሟል። ከረጢቴን ዘርግፌ እያንዳንዱን ጠርሙስ አሸተትኩ። ባለጋሪው "መሸብኝ እኮ" እያለ አጉረመረመ። ያጉረምርም።

እሁድ

ሌሊቱን አልተኛሁም። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ በችኮላ ለባብሼ ወደ እማማ ገባሁ። ጠርሙሱን አንሥቼ ልሰጣቸው ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

"ስጪኝ እንጂ!" አሉ።

ሰጠኋቸው። ክሩን ዳበሱ፣ ግንባራቸውን አስነኩ፣ ተጎነጩ። ከዚያ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ነጠላሽን ምነው እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቅሽው? ማን ሞተ?"

ጥለቱን አይተውታል።