የጋቢናው ወንበር

ይርጋዬ፣

እንደምን አለህ እንዳልል ያለህበትን አገር አላውቀው፤ እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሦስተኛው ደግሞ ይኸው በጉና ተራራ በኩል መጥቆር ጀምሯል። ተዝካርህ ወጣ፣ ሙት ዓመትህም ወጣ፣ ቀሳውስቱ ፈቱህ፣ ሰውም በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ወደየቤቱ ገባ። ከአንተ ጋር ያለኝን ነገር ያልጨረስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላዋ ሴት ለሞተ ባሏ የምትጽፈው ናፍቆቷን ነው። እኔም ናፍቀኸኛል፤ ግን ንዴቴን ካልተናገርኩ እንደማላርፍ ታውቃለህ።

የቤቱን ነገር ላስቀድም። ነገ እሠራዋለሁ ያልከው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ አልጋውን ነው ያዛወርኩት። እናትህ ከወገዳ መምጣት ከብዷቸዋል፤ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ጉልበታቸውም እንቢ ብሏቸዋል። ገብስ ሲደርስ ግን ለይርጋ ልጅ ስጡልኝ እያሉ በሶ በሰው ይልካሉ። እኔ ጤና ጣቢያ ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ ክትባት ላይ ነኝ። ነጭ ጋውንህ ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ እንዳለ ነው። መቅደስ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ ያውም አንተ ፊዚክስ ስታስተምርበት በኖርክበት ትምህርት ቤት። ቁመቷ እኔን አልፏል። አፍንጫዋና ግትርነቷ ያንተ ነው፤ ሌላውን እኔ ነኝ የሰጠኋት።

ጋውንህን ካነሳሁ አይቀር፣ ለቅሶህን አላየኸውምና ልንገርህ። በአገራችን ወግ የሟች ንብረት ወጥቶ ይለቀስበታል አይደል? ወንድምህ ጠመንጃ ፈልጎ አጣ። አንተ ምን ጠመንጃ ነበረህ! ስለዚህ ጋውንህን በዱላ አንጠልጥሎ፣ ክራርህን በሌላው እጁ ይዞ ሜዳው መሀል ወጣ። አልቃሿ ከሩቅ የመጣች ሴት ነበረች፤ የፊዚክስ መምህር ምን ተብሎ እንደሚሞገስ ከየት ታውቀው? አንበሳ ገዳይ አደረገችህ። ዱር አስገባችህ፣ ጠላት አስፈጀችህ፣ አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ የሚወጣውን ሰውዬ! በሐዘኔ መሀል ሳቄ መጣ፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ራሴን የሳትኩ መስሏቸው ውሃ ረጩብኝ። ይህን ነገር ማታ ለማን ነው የማወራው ብዬ ሳስብ ካንተ ሌላ ሰው አልመጣልኝም። እውነተኛው ለቅሶዬ ያን ጊዜ ነው የጀመረው።

የተዋወቅን ለት ትዝ ይልህ ይሆን? የሳይንስ ክበብ ልጆችህ ሙከራ ሲሠሩ የባትሪ አሲድ እጁ ላይ የፈሰሰበትን ተማሪ ተሸክመህ ጤና ጣቢያ ገባህ። ልጁን አክሜ ስጨርስ ወደ አንተ ዞርኩና አፌ እንዳመጣ ተናገርኩህ፤ ሰው ልጁን አምኖ ሲሰጥህ በአሲድ ትጠብሳለህ ወይ አልኩህ። አንገትህን ደፍተህ ሰማኸኝ። በማግስቱ ልጁ እንዴት ሆነ ብለህ መጣህ፤ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ አንተው ክፍል ውስጥ ነበር የዋለው። ከዚያ ወዲያ ሲስተር እንዳልከኝ ቀረህ። ሚስትህ ሆኜም፣ ልጅ ወልጄልህም፣ በተቆጣሁ ቁጥር ሲስተር ነበርኩ።

ጃንጥላዬንስ? ደህናውን ጃንጥላዬን! ከተማሪዎችህ ጋር የሲጋራና የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ከየመንገዱ ለቅማችሁ ውስጡን ለጠፋችሁት። የፀሐይ ምድጃ ነው ብለህ በጥቅምት ፀሐይ ግቢያችን ውስጥ ገልብጠህ እንቁላል አስቀመጥክበት። እስከ ቀትር ቆመን ጠበቅን። ሲሰበር ነጩ ገና ውሃ ነው። በስሏል ብለህ ድርቅ አልክ፤ እኔም እንደ ጅል በላሁልህ። የሚቀጥለውን ክረምት በዝናብ ተመላለስኩ፤ ሌላ እገዛልሻለሁ እንዳልክ ቀረህ።

ሙዚቃው ደግሞ ሌላ እብደት ነበር። የክራር ክር ሲጠፋ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ተርትረህ ወጠርክ። ክሩ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲረዝም ይወፍራል እያልክ ትምህርቱን በክራር አስተማርካቸው። ዝናብ ከየት እንደሚመጣ፣ ደመና ጉና ላይ ለምን እንደሚቆም ግጥም አስገጥመህ አስዘፈንካቸው። ሰውዬው ፊዚክስ ነው ወይስ ዘፈን የሚያስተምረው ተብሎ በከተማችን በመካነ ኢየሱስ ያልታማህበት ቤት አልነበረም። በወላጆች በዓል ስትቀርቡ ግን ያሙህ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡ። ከዚያ ወረዳችንን ወክላችሁ ለዞኑ ውድድር ደብረ ታቦር ሄዳችሁ፣ በሙዚቃ አንደኛ ወጣችሁ። ስልክ ደወልክልኝ። የምትለው ቢጠፋህ ስልኩን ክራሩ ላይ አድርገህ መታህልኝ። ድስት ጥጃለሁ፣ ስትመጣ ታወራኛለህ ብዬ ዘጋሁት። የመጨረሻ የሰማሁት ያንተ ነገር እሱ ነው፤ የፍሬን ሽቦ ድምፅ።

የቀረውን ከሰው ነው የሰማሁት። ትምህርት ቤቱ የተከራየላችሁ የጭነት መኪና ነበር፤ ልጆቹ ከኋላ፣ አንተ ከሹፌሩ ጎን። ደረትህ ብርድ ስለማይችል ጋቢና እንዲያስቀምጡህ እኔው ነኝ ርዕሰ መምህሩን የለመንኳቸው። ስትመለሱ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛችሁ። ትርንጎ፣ ያቺ ዋናዋ ድምፃዊ፣ ብርድ ብርድ ብሏት መንቀጥቀጥ ጀመረች። መኪናውን አስቆምክ። ጃኬትህን አወለቅህና አለበስካት፣ ጋቢናው ውስጥ አንተ ቦታ አስቀመጥካት፣ ራስህ ከኋላ ወጣህ። ኩርባው ላይ መኪናው በጭቃው ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ። ልጆቹ ተጫጫሩ፣ አንዱ ክንዱ ተሰበረ፣ ሁሉም ተረፉ። አንተ ከሥሩ ገባህ። ስንቱን ያከምኩ ነርስ ለራሴ ባል አንዲት መርፌ እንኳ አልወጋሁም፤ ሲያመጡህ ለእኔ የቀረልኝ ሥራ ዓይንህን መክደን ነበር።

ጀግና ይሉሃል አሁን። ይህን ቃል ስሰማ ደም ሥሬ ይገታተራል። ዋንጫችሁ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስተዋት ውስጥ ተቀምጦ እንግዳ ሲመጣ ይታያል። የሳይንስ ክፍሉ በር ላይ ስምህን በትልቁ በቀለም ጻፉልህ፤ ከዚያ ቆለፉት። አዎ፣ ቆለፉት። የሚያስተምርበት ሰው የለም ተባለ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ብጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁመኛል። ስምህን ጽፈው ከሚዘጉት ስምህን ትተው ቢከፍቱት ምን አለበት?

ትርንጎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። በየበዓሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ በራችን ላይ ትመጣለች፤ እናቷ የላከችው ድፎ ይሆናል እላለሁ። እኔ ጓዳ እገባለሁ፣ መቅደስ እናቴ የለችም ትላታለች፣ ልጅቷም የያዘችውን እንደያዘች ትመለሳለች። ልጅቷ ምን በወጣት? አውቃለሁ እኮ። ግን ፊቷን ሳይ የሚታየኝ የጋቢናው ወንበር ነው። ያኔ ያው ጥያቄ ይመጣብኛል። በሩን ከፍተህ ስትወርድ እኛን አስበኸን ነበር ወይ? ሚስት አለችኝ፣ ልጅ አለችኝ አላልክም? ካሰብከንስ እንዴት አስቻለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራ እየቆረስኩ፣ ሕፃን እየከተብኩ፣ ቅዳሴ እየቆምኩ የጠየቅኩህ ይህንኑ ነው።

ዘንድሮ መቅደስ ያን ጃንጥላ ከቆጥ ላይ አወረደችው። የተላጠውን ወረቀት አደሰች፣ የቲማቲም ጣሳ በጥቀርሻ አጠቆረች፣ ላዩን በላስቲክ ሸፈነች፣ እንቁላል አስገባች። ልጣ ግማሹን ስትሰጠኝ አስኳሉ ድርቅ ብሏል። አየህ፣ አንተ ያላበሰልከውን ልጅህ አበሰለችው። የት ሆነህ ታያት! ትምህርት ቤቱም ለዞኑ ውድድር መረጣት፤ ለሙዚቃው ቡድን ደግሞ ያንተን ክራር እንድትመታ። ደብረ ታቦር፣ በዚያው መንገድ።

ኧረ ተዉኝ አልኩ። ለዚያ መንገድ ገብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልገብርም። አኩርፋ እህል አልበላም አለች። እኔም አልበላሁም። ሁለት ግትር ሴቶች አንድ ድስት ሽሮ መሀላችን አስቀምጠን ተፋጠጥን። በመጨረሻ አባዬ ቢኖር ይልከኝ ነበር አለችኝ። አባትሽ ቢኖርማ አንቺን ለመላክ ማን ይፈራ ነበር አልኳትና ተነስቼ ነጠላዬን ለበስኩ።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ በምን ነው የምትወስዷቸው አልኳቸው። እንደተለመደው አሉኝ። እንደተለመደው! የጭነት መኪና ከሆነ ልጄን አልሰጥም፣ የሌላውም ልጅ ከወጣ ጎማው ሥር እተኛለሁ አልኳቸው። ሲስተር ይረጋጉ አሉኝ። እሳቸው ሲስተር ሲሉኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ነገሩ በከተማው ተሰማ፤ በማግስቱ የልጆቹ እናቶች ተከትለውኝ መጥተው ግቢው በነጠላ ነጣ። ከሰዓት በኋላ አውቶብስ ተገኘ። ለካ ይገኝ ኖሯል፣ ይርጋ። ለካ የሚቆጣ ሰው ከተገኘ አውቶብስም ይገኝ ኖሯል።

የሚሄዱ ለት ራሴ ገብቼ ከሹፌሩ ጀርባ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ይህ ወንበር ያንቺ ነው፣ ጳጳስ ቢመጣ እንዳትነሺ አልኳት። እሺ ማለቷ አልበቃኝም። ብነሳ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ በዪ አልኳት። ጓደኞቿ እየሳቁባት፣ ፊቷ እየቀላ፣ ማለችልኝ።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከእናቶቹ ጋር መናኸሪያ ቆሜ ነበር። አውቶብሱ ክላክሱን እየነፋ፣ ልጆቹ እየዘፈኑ ገባ። ዓይኔ ሦስተኛው መስኮት ላይ ሄደ። ሌላ ልጅ ናት። ጭንቅላቷን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ የተኛች፣ የማላውቃት ልጅ። ልጄን የት አደረሳችኋት ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ዘፈኑን አቋረጠው። በሩ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የጃንጥላው እጀታ ወጣ፣ ከዚያ ክራሩ፣ ከዚያ መቅደስ። ያን ሁሉ መንገድ በሩ ደረጃ ላይ ኩርምት ብላ ነው የመጣችው። በጥፊ ላጮላት እጄን አነሳሁ። እጄ ግን ሄዶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

ቤት ገብተን እግሯን ሳጥባት ጠየቅኋት። ያስማልኩሽስ? የአባትሽ አጥንትስ? ስትነሺ እኔን አላሰብሽኝም? ገርሟት አየችኝ። እማዬ፣ ልጅቷ እኮ እያስመለሳት ነበር አለችኝ። እኔን አስበሽኝ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ አልኳት። ዋሽታ ብታጽናናኝ ምን ነበረበት? አላሰብኩሽም አለች። የማየው እሷን ነበር አለች።

ሁለት ዓመት አንተ ያልመለስክልኝን ልጅህ መለሰችልኝ። አላሰብከንም። እኔ የምቃጠለው እኛንና ያቺን ልጅ አመዛዝነህ እሷን የመረጥክ መስሎኝ ነበር። አላመዛዘንክም፤ የታመመች ልጅ አየህ፣ ተነሳህ፣ በቃ። ቀለለሽ ወይ ብትለኝ አልቀለለኝም። ይቅር ብዬሃለሁም አልልህም። ለአንዲት ደቂቃ ብታስበን ኖሮ ዛሬ ጣሪያውን ትሠራልን ነበር። ግን ከእንግዲህ ያን ጥያቄ አልጠይቅህም።

ለነገሩ በሳይንሱ ሁለተኛ ወጥታለች። በሙዚቃው አልቀናቸውም፤ ክሩ መሀል ላይ ተበጠሰባት፣ ያንተው የፍሬን ሽቦ። ሰኞ ሄጄ የሳይንስ ክፍሉን ቁልፍ እጠይቃለሁ። ጠፍቷል ካሉኝ ምሳር አለኝ።

እሁድ ትርንጎ መጣች። መቅደስ እንደለመደችው እናቴ የለችም ልትል አፏን ስትከፍት ከጓዳ ወጣሁና ግቢ አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። የያዘችውን ጨርቅ ጉልበቴ ላይ አድርጋ ስትፈታው ጃኬትህ ነው። በየበዓሉ ይዛው ስትመጣና ይዛው ስትመለስ የኖረችው እሱን ነው። አጥባ፣ ተኩሳ፣ የተቀደደውን ኪስ ሰፍታ ነው ያመጣችው። አፍንጫዬን ቀበርኩበት፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው፣ ያንተ ጠፍቷል። በዚህም ተናደድኩ። ከዚያ ለሦስታችን ምሳ አቀረብኩ።

ጃኬትህን ከጋውንህ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ይርጋዬ፣ እኔ ስምህን በር ላይ ጽፌ የምቆልፍ ሰው አይደለሁም። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር፣ ልጅህ ለሰው በተነሳች ቁጥር፣ እየተቆጣሁህም እየናፈቅከኝም ከአፌ አትጠፋም።

ያንተው ሲስተር