ኪስ የሌለው ሱሪ የሰፋች እናት ኑዛዜ

ዛሬ ሐሙስ መጋቢት 12 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔ አርባ አንድ ዓመት በልብስ ስፌት የኖርሁት የሁለት ወንዶች ልጆች እናት፣ በመኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ ከታች በተዘረዘሩት አራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። እግሬና ሳንባዬ ከድተውኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። ጸሐፊው ገና ከጅምሩ "እማማ፣ ቃሉን ትንሽ ለስለስ እናድርገው" ብሎኛል። አይለሰልስም፤ እንደምናገረው ይጻፍ።

አንደኛ፤ ይህ የምተኛበት ቤት ከነግቢው ለትንሹ ልጄ ይሁን። ምክንያቱን እናገራለሁ። ትንሹ ልጄ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ይፎርፍ፣ ሲጋራ ያጨስ፣ አንድ ሲሉት ሁለት ይመልስ ነበር። ታላቅ ወንድሙ "እማዬ፣ ይኼ ልጅ አንገታችንን አስደፋን" እያለ ወጥሮ ያዘኝ፤ አስቸጋሪ ልጆችን ያርማል የተባለ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤትም ፈልጎ አገኘልኝ። ፈረምሁ። የፈረመው የእኔ እጅ ነው፤ በማንም አላላክክም።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ ቀድሞም አውቀው ነበር፤ የደንብ ልብሳቸውን የምሰፋው እኔ ነበርሁና። ሥራ አስኪያጁ "ሱሪው ኪስ አይኑረው" ሲለኝ "ለምን?" አልሁት። "የሚደብቁት ነገር እንዳይኖር" አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ኪስ የሌለው ሱሪ የሚያለብስ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ጨርቅ ተረፈልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ስድሳ ሰፋሁ፤ ስድሳ አንደኛውን ለገዛ ልጄ።

ባስገባሁት ቀን "የወላጆች መመሪያ" የሚባል ወረቀት ሰጡኝ። ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ "ልጅዎ ደውሎ ተመታሁ፣ ተራብሁ ቢልዎ ለመውጣት የሚጠቀምበት ዘዴ ስለሆነ፣ ቻለው ብለው ስልኩን ይዝጉ።" ልጄ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። በሦስተኛው "እማ፣ በናትሽ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው አቁመውኛል፤ እግሬ አብጧል" አለኝ። እኔ አፈር ልብላ፣ ወረቀቱን እያየሁ "ቻለው" ብዬ ዘጋሁበት። የወለድሁትን ትቼ ወረቀት አመንሁ! ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ "ጨዋ ሆነልሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ። ምን ጨዋ! ለመቀመጥ የሚያስፈቅድ፣ ውኃ ለመጠጣት እጁን የሚያወጣ ልጅ ነው የመለሱልኝ። ዛሬ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሁንም በር ተዘግቶበት መተኛት አይችልም። አንድ ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የዚህን ቤት በሮች ሁሉ ነቅሎ ቢጥላቸው ማንም ምን ነካህ እንዳይለው።

ሁለተኛ፤ የስፌት መኪናዬና መቀሶቼ ለልጅ ልጄ፣ ቃሪያ ለምንላት ለትልቁ ልጄ ሴት ልጅ ይሁኑ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ያቃጥላል። ባለፈው ሳምንት እንኳ "አያቴ፣ ሞትኩ ሞትኩ ትያለሽ፣ ግን ሁለት ሳህን ትጨርሻለሽ" ብላ በሳቅ ልትገድለኝ ነበር። አባቷ ይህችን ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ሊያስገባት ቅጹን መሙላቱን የሰማሁት ከትናንት ወዲያ ነው። ጥፋቷስ? ከአባቷ ተጣልታ ሁለት ቀን እኔ ዘንድ ማደሯ! ይህን ኑዛዜ ያስቸኮለኝ ይኸው ነው እንጂ ሞት አይደለም።

ሦስተኛ፤ ትልቁ ልጄ፣ ከግርጌዬ ቆመሃልና ስማኝ። ቅጹን እዚሁ ምስክሮቹ ፊት ከቀደድህ መንገድ ዳር ያለው ሱቄ ያንተ ነው። ካልቀደድህ ከእኔ አንዲት ክር አይደርስህም። ያኔ ወንድምህን ስታስገባው አላወቅህም ልበል፤ ጥፋቱ የእኔ ይሁን። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይንህ እያየኸው? በዓይንህ! ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ?

እዚህ ላይ ትልቁ ልጅ መልስ ሰጥቷል፤ ተናዛዧ ይጻፍ ስላሉ እኔ ጸሐፊው ጽፌዋለሁ። "እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናቸው መጥቶ ወስዷታል። ለራሷ ብዬ ነው።"

"ወሰዷት? ወሰዷት! ጸሐፊ፣ ብዕርህን ይዘህ ተነሣ። እዚህ አልፈርምም። ጫማዬን አምጡ! ለትንሹ ደውሉለት፣ መኪናውን ይዞ ይምጣ!" አሉ ተናዛዧ። ከምስክሮቹ አንዷ፣ ጡረተኛዋ ነርስ፣ "እትዬ፣ በዚህ ትንፋሽዎ አንድ ደረጃ እንኳ አይወርዱም" ብትላቸው "እንግዲያው ተሸከሙኝ! ነገ ሬሳዬን ልትሸከሙ አይደል? ዛሬ ተለማመዱ!" አሉ። ከነፍራሻቸው ተሸክመን አውርደን ትንሹ ልጅ ይዞት በመጣው የጭነት መኪና አሳፈርናቸው፤ ትልቁ ልጅም አብሮን መጣ።

ከዚህ በላይ ያለው ቃል በዚሁ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተነብቦላቸዋል። ሥራ አስኪያጁ "ያለ አባት ፈቃድ ልጅ አይወጣም" አለ። ትልቁ ልጅ ቅጹን ከሥራ አስኪያጁ እጅ ወስዶ በእኛ ፊት ቀደደ። ትንሹ ልጅ በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ስላለ "አንተ ቆይ፣ እኛ እናምጣት" አልነው። "እኔ ነኝ የማወጣት" ብሎ ገባ። እጇን ይዞ ወጣ።

ተናዛዧ ብዕር ጨብጠው የሚከተለውን አስጨመሩ፦ "አራተኛ፤ በመስኮት የሚያዩን እነዚያ ልጆችም እናት አላቸው። የቀረችኝን ዕድሜ ለእነሱ ተናዝዣለሁ። ነገም እዚሁ አምጡኝ።" ከዚያ በኋላ ፈርመዋል።

ምስክሮች፦ ጡረተኛዋ ነርስ፣ የሱቁ ልብስ ተኳሽ፣ የሰፈሩ ፋርማሲስት፣ ፀጉር አስተካካዩ። ይህን ሁሉ በጆሯችን ሰምተን፣ በዓይናችን አይተን ፈርመናል። ነገም እናመጣቸዋለን።